ሦስት መቶ ገመድ

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ድንጋይ ብረት ይመታል። የሚመታው ሰው አይታይም፤ የሚመታበት ምድርም አይታይም። የከተማው በር ከኋላ በጉም ተውጧል፤ ከፊት ያለው መንገድ ደግሞ ገና መንገድ አልሆነም። ጥላው የሚሉት ወጣት የገመዱን ጭራ ይዞ፣ አንድ ጉልበቱን እርጥብ ሣር ላይ አሳርፎ፣ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል።

«ና!» አለ ድምፁ ከጉሙ ውስጥ።

ተነሣ። ከፊቱ የቆመውን የብረት ችካል ነቅሎ መታጠቂያው ላይ ሻጠና ገመዱ ወደ ሳበው ሄደ።

ገመዱ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ጠፍር ነው። ስልሳ ክንድ ይረዝማል፤ በሁለቱም ጫፍ የብረት ቀለበት አለው። የፊተኛው ሰው እየጎተተ ይሄዳል። ጭራው ወደ ተተከለው ችካል ሲደርስ የኋለኛው «ቁም!» ብሎ ይጮህና ቀለበቱን በችካሉ ላይ ያጠልቃል። የፊተኛው ገመዱን ወጥሮ፣ ባበቃበት ሌላ ችካል ተክሎ «ና!» ይላል። በገመድ ላይ ከነዚህ ከሁለቱ ቃላት ሌላ አይነገርም። ሕጉን ያወጣው ንጉሥ አይደለም፤ አባታቸው ነው። «ገመድ የያዘ አፉን ይያዝ» ይል ነበር ነፍሱን ይማረውና። ወሬ ቁጥር ያሳስታል፤ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ የሰው ርስት ይበላል።

ወንድማማቾቹ ግን ሕጉም ባይኖር አይነጋገሩም ነበር። እናታቸውን ከቀበሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ዝምታቸውም የዚያው እኩያ ነው።

ታላቁን ሰው ሁሉ ቀጤ ይለዋል፤ አካሄዱም አነጋገሩም ቀጥ ያለ ነዋ። ታናሹ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቀጤ ኋላ ስለማይጠፋ ጥላው ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ለቅሶው በወጣ በሳልስቱ ቀጤ ድንኳኑ ሳይነቀል «ቤቱ ለሦስት ይከፈል» አለ። እንደ ችካል ቀጥ አድርጎ ተናገራት። በቤቱ ውስጥ የምትኖረው ባሏ የሞተባት እህታቸው ናት፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር። «እታለም ወዴት ትግባ?» ብሎ ጥላው ጠየቀ። ቀጤ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እንግዲህ ለጥላው የተከፈተውም የተዘጋውም አፍ አንድ ነገር ሆነበት፦ ስስት።

ከጎናቸው በግራጫ በቅሎ የሚሄደው የመንገድ ጸሐፊው ነው። ከኮርቻው ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የቀለም ቀንድ፣ ሦስት ክንድ የሚሆን የብረት ዘንግና አንድ ረጅም ክር ተንጠልጥሏል። አሥሩ ችካል ተተክሎ ባለቀ ቁጥር ጥላው የለቀማቸውን ለቀጤ ፊት ለፊት ያስረክባል፤ ጸሐፊውም በክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ሠላሳ ቋጠሮ ሦስት መቶ ገመድ ነው። ሦስት መቶ ገመድ አንድ ማረፊያ። እስከ ባሕሩ ዘጠና ማረፊያ አለ፤ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ጸሐፊው ጠዋት በከተማው በር ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስት መቶኛው ችካል በተተከለበት ቦታ የፈረስ መለወጫ ቤት ይሠራል። በዙሪያው እስከ ሃምሳ እርምጃ ያለ ቤት ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ይፈርሳል።

«ሰው ካለበትስ፣ ጌታዬ?» ብሎ ጥላው ጠይቆ ነበር።

«ሰው እግር አለው» አለ ጸሐፊው ወረቀቱን እያጠፈ። «ቤት ነው እግር የሌለው።»

ጥላው ያን ያህል ቀድሞ ያውቀው ነበር። የመንገዱ ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ብቻውን በእግሩ ሄዶ ቆጥሮታል፤ አንድ ጊዜ በዝናብ፣ ሁለት ጊዜ በደረቅ። ሦስት ጊዜም ቁጥሩ ያለቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የእናቱ ደጃፍ። ከቤቱ አልፎ ያለው ሜዳ ድንጋይ ብቻ ነው። ችካሉ እዚያ ቢያርፍ የሚያፈናቅለው እንሽላሊት ነው። ስለዚህ በቀኝ መዳፉ ውስጥ አንድ ነገር ይዟል።

ልጅ ሳሉ አባታቸው ሁለቱንም አስቀምጦ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ አሳያቸው። «ይህችን እዩ። ከዚህ የበለጠ ብትሰርቁ ሰው ያያችኋል። ከዚህ ያነሰ ብትሰርቁ ልፋቱ ትርፍ የለውም። አንድ ስንዝር ግን ዐይን አያየውም፤ ሦስት መቶ ገመድ ላይ ሲደርስ ሰማንያ እርምጃ ይሆንና የሰው ቤት ይውጣል። ገመድ ያዥ የሚኮነነው በስንዝር ነው።» ለማስፈራራት ነበር የነገራቸው። ጥላው ግን ትምህርት አድርጎ ወሰደው። ከትናንት በስቲያ አንድ ስንዝር የምትሆን ጠፍር ቆርጦ፣ በአንዱ ጫፏ ቀለበቱ ላይ የምትቆለፍ፣ በሌላው ጫፏ በችካል ላይ የምትጠልቅ አደረጋት። ቀለበቱን ራሱን ችካሉ ላይ በማጥለቅ ፈንታ ጠፍሯን ያጠልቃል። ገመዱ በተዘረጋ ቁጥር አንድ ስንዝር ይረዝማል። ሲነሣ ጠፍሯ ወደ መዳፉ ትገባለች።

«ቁም!» አለ። ጎንበስ አለ። አጠለቀ።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «ና!»

አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ እንደ መጋረጃ ሳይሆን እንደ ተላጠ የቁስል ቅርፊት፣ በየቦታው። ፀሐይዋ ወጣችና ገና ከመውጣቷ ማቃጠል ጀመረች። ከሣሩ እንፋሎት ተነሣ። ጸሐፊው ካባውን አውልቆ በቅሎዋ አንገት ላይ ጣለው።

«ይሄ ሰማይ ምን ነክቶታል? እንደ ሹም ፊት በየሰዓቱ ይለዋወጣል! ቁሙ፣ ቁሙ። ገመዱ ይለካ።»

ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ አየሩ በተለወጠ ቁጥር ገመዱ በብረቱ ዘንግ መመርመር አለበት። ጥላው ጠፍሯን ፈትቶ ወደ እጅጌው ሰደዳት። ሁለቱ ወንድማማቾች ገመዱን ግራና ቀኝ ወጥረው ያዙ፤ ጸሐፊው ከበቅሎው ወርዶ ዘንጉን ሃያ ጊዜ እያገላበጠ ከቀለበት እስከ ቀለበት ሄደ።

«ግማሽ ክንድ ገብቷል። ጅረት ውስጥ ንከሩት።»

ነከሩት፣ በድንጋይ ቀጠቀጡት፣ ወጠሩት። እንደገና ተለካ።

«ስልሳ። አንዲት ጣት አትጎድል፣ አንዲት ጣት አትተርፍ» አለ ጸሐፊው በደስታ። «ከናንተ መሃል ታማኝ ገመዱ ብቻ ነው መሰለኝ። እናንተማ ከጠዋት ጀምሮ ተኮራርፋችኋል።»

ቀጤ አልሣቀም። ጥላው የወንድሙን እጅ አየ። ቀጤ ገመድ ሲይዝ ግራ እጁን ጥፍሩ መዳፉን እስኪበሳው ድረስ ጨብጦ ነው፤ ድሮ እንዲህ አይጨብጥም ነበር። ‹ንዴት ነው› ብሎ ጥላው አሰበ። ‹እስኪደርስ ቸኩሎ ነው። ችካሉን እዚያ ደጃፍ እስኪሰካ።› ቤቱ ከፈረሰ የሚካፈሉት ነገር እንደማይኖር ጥላው ያውቃል። ግን የጠላ ሰው መች ያሰላል?

ዐሥረኛው ቋጠሮ። ዐሥራ አምስተኛው። እየተገናኙ ይለያያሉ። በየመገናኛው ጥላው አሥሩን ችካል አንድ በአንድ በወንድሙ መዳፍ ላይ ያኖራል፤ ብረቱ ሲነካካ ቅጭል ይላል፣ የሁለቱ ጣቶች ግን አይነካኩም። አንድ ጊዜ፣ ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ቀጤ ችካሎቹን ተቀብሎ ወዲያው አልዞረም። ቆሞ የጥላውን የተጨበጠ ቀኝ እጅ አየ። ጥላው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ቀጤ ዞሮ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ሰማዩ በአንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው ወገን ቢጫ ሆነ። ሃያ አንደኛው ቋጠሮ እንደተቋጠረ በረዶ ወረደ፤ የእርግብ እንቁላል የሚያህል፣ በቅሎዋን ያስጮኸ። ሦስቱም ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ገቡና ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆሙ። በቅሎዋም ራሷን አስገብታ የቀረውን ገላዋን ለበረዶው ተወችው።

«ወንድማማች ናችሁ ብለውኝ ነበር» አለ ጸሐፊው ውሃ ከጢሙ እያራገፈ። «እኔ እንኳ ይህችን በቅሎ ከናንተ የበለጠ አጫውታታለሁ። ደግሞ እሷ ትመልሳለች!»

በረዶው ድንጋዩን ይቀጠቅጣል። ከዚያ ቀጤ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በገመድ ላይ በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያውን ሦስተኛ ቃል ተናገረ።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

ጥላው ለራሱ የተነገረ አልመሰለውም። «የማን ጣሪያ?»

«የቤቱ።»

የጥላው ደም ፈላ። ባለፈው ክረምት ጣሪያውን የከደነው እሱ ነው፣ ብቻውን፣ ታላቅየው ድርሽ ሳይል። ዛሬ መጠየቁ ምንድን ነው? በሬ ከመታረዱ በፊት ጀርባውን እንደሚዳስስ ሰው?

«ባያፈስ ልትካፈለው ነው?» አለው።

ከቀጤ አፍ አንድ ቃል ሊወጣ ነበር፤ ተመለሰ። ግራ እጁን ጭብጥ አድርጎ ወደ በረዶው ወጣ።

«ኧረ ቆይ፣ ይበሳሃል!» አለ ጸሐፊው። «ኧረ ይሄ ሰውዬ!»

ቀጤ ሥራውን ቀጥሏል። ጥላው ተከተለ። ምን ያድርግ፣ ስሙ ነው።

በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፣ ዝናቡ ወደ ካፊያ፣ ካፊያው ወደ ጉም። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተለካ፤ አንድ ጊዜ ተለጥጦ ተገኘና በእሳት ዳር ተሰበሰበ። ጥላው ከዚህ በኋላ ምልክት የሚሆን ዛፍም ኮረብታም አላየም። ሁሉም ነጭ ነው። ግን ስጋት አልገባውም። ስንዝሯን በየችካሉ እያጠለቀ ይቆጥራል፤ ሁለት መቶ ሃያ ስንዝር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስንዝር። በልቡ ቤቱን ከችካሉ እያራቀ፣ እያራቀ። እታለም ውሃ ትቀዳለች። እታለም በሩን ትዘጋለች። ከበሩ ሰማንያ እርምጃ ማዶ፣ ከድንጋዩ መሃል፣ ፈረሶች ይለወጣሉ፤ ምናልባትም ለባለፈረሶቹ እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ታሳድጋለች። ማንም ምንም አያውቅም። እሱም ለማንም አይናገርም።

ሃያ ዘጠነኛው ቋጠሮ ሲቋጠር ጉሙ ወደቀ።

ወደቀ ነው የሚባለው፣ ከላይ ወደ ታች። መጀመሪያ የኮረብታው ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ግርጌው። ከግርጌው አንድ ቤት። የምሽት ፀሐይ በስተጎን መታችውና የጣሪያው አዲስ ሣር እንደ ነሐስ በራ።

ጥላው ቆመ። ዐይኑ የለመደ ነው፤ ስልሳ ክንድን በሜዳ ላይ እንደ ፊደል ያነባል። በስሌቱ ቤቱ በስምንት ገመድ ግድም መሆን ነበረበት። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ዐሥር ነው።

ዐሥር ገመድ። ልክ።

‹ገመዱ ገብቷል› አለ በልቡ። ‹እሳቱ ነው፣ አብዝተን አደረቅነው።› ነገር ግን ዘንጉ ስልሳ ብሏል፤ እሱ ራሱ አይቷል። አሁን ሁለት ስንዝር፣ ሦስት ስንዝር ቢጨምርስ? ጸሐፊው ሰማዩ ስለጠራለት ደስ ብሎት በቅሎውን ከገመዱ ጎን ለጎን ይነዳል፤ ዐይኑ ከችካሉ አይነሣም።

«አይዟችሁ፣ ደረስን!» ይላል። «የዛሬው አለቀ። ሰማንያ ዘጠኝ ብቻ ቀረ!»

ቁም። ና። ቁም። ና። ከፊት ደግሞ ቀጤ ችካል ሲተክል አንዴ ቀና ብሎ ቤቱን ያያል፣ አንዴ ወደ ኋላ ያያል፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው። የድንጋዩ ምት ዘገየ። ጠቅ። ቆይቶ ጠቅ።

እታለም ከሩቅ አይታቸው ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ።

«ተያይዘው መጡ! ጋሼ! ወንድም ዓለም! ተያይዛችሁ መጣችሁ! እናቴ ይህን ሳታይ!» ልጆቿን ወደ ውስጥ ጠራች። «ውሃ ጣዱ! የአጎቶቻችሁ እግር በረዶ ሆኗል!»

ቀጤ የመጨረሻውን ገመድ ወጠረ። ከእግሩ ሥር የደጃፉ ድንጋይ ነበር፤ እናታቸው እስክትሞት ድረስ የምትቀመጥበት፣ መሃሉ በመቀመጥ ብዛት የጎደጎደ ድንጋይ። ችካሉ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ፊት ለፊት አረፈ። ቀጤ የሚመታበትን ድንጋይ አንሥቶ ቆመ። አልመታም።

«ምታው እንጂ» አለ ጸሐፊው።

ጠቅ።

«ና» አለ ቀጤ። የሰማው የለም ማለት ይቻላል።

ጸሐፊው ሠላሳኛውን ቋጠሮ ቋጠረና ደብዳቤውን ከኮርቻው አወጣ። ለእታለም አነበበላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀስ ብሎ አነበበ፣ ያልገባት ሲመስለው ደገመላት። እሷ ፈገግታዋን ከፊቷ ለማውረድ ጊዜ ወሰደባት፤ እንግዳ ሊገባ ነው ብላ ያነጠፈችውን እንደምትሰበስብ ሴት ዓይነት።

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን፣ እመቤት።»

«ማን ነው የለካው?» አለች። ዞር ብላ ወንድሞቿን አየች። «እናንተ ናችሁ? እናንተ ራሳችሁ?»

ጥላው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ስልሳ ክንድ ሙሉ የጠዋቱ ጭቃ፣ የቀትሩ ጭቃ፣ የማታው ጭቃ ተለጥፎበታል። ክንዱ ላይ እየጠመጠመ፣ እየጠመጠመ ወደ ፊተኛው ጫፍ ደረሰ።

ጭቃው ቆመ።

ከቀለበቱ በፊት ያለው ቆዳ ንጹሕ ነው። ነጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ያልነካው፣ መዳፍ ውስጥ ታጥፎ የዋለ። በመታጠፊያው ላይ የጥፍር ምልክትና ትንሽ ደም አለ። ጥላው አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘረጋበት። መለካት አያስፈልገውም ነበር፤ ለካው እንጂ።

አንድ ስንዝር።

የፊተኛ ሰው ገመድ ማስረዘም አይችልም። ማሳጠር ብቻ ነው የሚችለው። በያንዳንዱ ዝርጋታ አንድ ስንዝር ቢሰርቅ፣ ሦስት መቶኛው ችካል ከቤቱ ሰማንያ እርምጃ ወዲህ፣ ከቤቱ በፊት ካለው ረግረግ መሃል ያርፋል። እዚያም ሰው የለም፤ እንቁራሪት ብቻ። አንደኛው እየሳበ ሌላው እየመለሰ፣ ቤቱን ከነበረበት ላይ አስቀመጡት። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ታማኝ ሆኖ ቢውል ኖሮ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ቢያምን ኖሮ።

ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ችካል ተቀባብለዋል።

«ጋሼ» አለ ጥላው።

ቀጤ ወንድሙን አያይም። የሚያየው የገመዱን ሌላ ጫፍ ነው። ጥላው በድንጋጤ ጠፍሯን መፍታት ረስቷት ነበር፤ ከኋለኛው ቀለበት ላይ ተንጠልጥላ በነፋሱ ትወዛወዛለች፣ እንደ ትንሽ ምላስ። ቀጤ ቀረብ ብሎ በሁለት ጣቱ ያዛት። ዘረጋት። ለቀቃት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እታለም። «ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? ወንድም ዓለም፣ እንግዲህ አንደኛችሁ ተናገሩ!»

ጸሐፊው በቅሎውን ወደ ግድግዳው ጥግ እያሰረ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። አንድ ቃል ከተነገረ ሁለት አንገት ነው የሚቆረጠው። ጥላው ጠፍሯን ፈትቶ አፉ ውስጥ ሊያስገባት ምንም አልቀረው፤ በመጨረሻ እጅጌው ውስጥ ከተታት።

ቀጤ መታጠቂያውን ፈታ። ባዶውን የችካል ቀበቶ አጥፎ በጎደጎደው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። የሚመታበትን ድንጋይ ከጎኑ አኖረ፤ ከአባቱ የወረሰው ነበር። ከዚያ እህቱን በግንባሯ ላይ ሳማት።

«ውሃው ሞቋል እኮ» አለች። «እግርህን እንኳ ሳትታጠብ…»

በእሷ በኩል አልፎ ሄደ። ወደ ከተማው አይደለም፤ ወደ ፊት፣ ወደ ድንጋዩ ሜዳ፣ ማንም ገና ወዳልለካው። ሰማዩ እንደገና መጥቆር ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በትከሻው ላይ ሲያርፉ ይታያሉ።

ጸሐፊው ዞረ። «ወዴት ነው የሚሄደው? ነገ ማን ፊት ሊይዝ ነው? አንተ፣ ጥራው እንጂ!»

ጥላው ገመዱን ክንዱ ላይ እንደ ጠመጠመ ሮጦ ከችካሉ አለፈ። ቀጤ ስልሳ ክንድ ያህል ሲርቅ በዐይኑ ለካው። አፉን ከፈተና ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሙን ከሚሄድበት የሚያቆመውን፣ አንድ ቀን እንኳ ያላሳፈረውን ቃል ጮኸ።

«ቁም!»

ቀጤ አልቆመም።